በልዋጭ የሄደው በራድ

ውሃ ጨርሼ አልጠጣም ነበር። በብርጭቆም ይሁን በጣሳ፣ ቢጠማኝም ባይጠማኝም፣ ከሥሩ አንድ ጣት ያህል አስቀራለሁ። ወልቂጤ በምሠራበት ትምህርት ቤት መምህራኑ አመሌን አውቀው «የሰሚራ ቀሪ» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። ጠረጴዛ ላይ ከሥሩ ውሃ የቀረበት ብርጭቆ ካገኙ እዚያ ተቀምጬ እንደነበር ያውቃሉ። ለምን እንደማስቀር ግን የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቁኝም አልናገርም ነበር። እዚህ የምጽፈው ያ ቀሪ ከየት እንደመጣና በአንድ የአረፋ ዋዜማ እንዴት እንደተወኝ ነው።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፤ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርኩ። ይህን ሥራ እንዴት እንደወደድኩት ለመናገር ትምህርት የጀመርኩበትን ዕድሜ መናገር አለብኝ። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ቡታጅራ፣ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር አንድ ዴስክ ላይ። መምህሯ ስትወጣ ልጆቹ «እትዬ፣ ሽንት ቤት ልሂድ?» እያሉ እኔን ያስፈቅዱኝ ነበር። ክፍል እየዘለልኩ፣ በኋላም በማታ እየተማርኩ አሥረኛን ጨረስኩ። ዘግይቼ ስለጀመርኩ ነው መሰለኝ፣ ነገር ሁሉ በቦታው ካልተቀመጠ ያመኛል። ጀርባው የላላ መጽሐፍ ካየሁ ሳልሰፋው አላድርም። የሰጠሁትንና የተቀበልኩትን በደብተር በዝርዝር እጽፋለሁ። ይህ የሥርዓት አመል በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ጥፋትና አንድ ጥቅም አለው።

የተወለድኩት አሰብ ነው። አባቴ የመስቃን ሰው ነበር፤ ወደብ ላይ ሲሠራ ሞተ። ደርግ በወደቀ ዓመት እናቴ መኪያ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ነስሩን ይዛ ከብዙ ሕዝብ ጋር ከተማውን ለቀቀች። እኔ ስምንት ዓመቴ፣ ነስሩ ሁለት ዓመት ተኩል። የጫነን መኪና ነዳጅ ጨርሻለሁ ብሎ ግማሽ መንገድ ላይ አወረደን፤ የቀረውን በረሃ በእግራችን ተያያዝነው። እኔና እናቴ የአባቴ አገር ቡታጅራ ደረስን። ነስሩ አልደረሰም። በቤታችን ስለዚያ መንገድ የሚነገረው «ነስሩ በመንገድ ቀረ» የሚለው ብቻ ነበር። እናቴ ከዚህ አልፋ ተናግራ አታውቅም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

ያን ዓመት አረፋ በበጋ ነው የዋለው። የእኛ አገር ሰው የትም ይነግድ የትም ይሥራ ለአረፋ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ከአረፋ በፊት ያለው ቀን ደግሞ የሴቶች አረፋ ይባላል፤ ቤት ጸድቶ፣ ዕቃ ታጥቦ የሚጠብቁበት ነው። እኔም ሁለት ቀን ቀድሜ፣ በጉብሬ በኩል ተራራውን በሚያቋርጠው ፒስታ መንገድ አቧራ ለብሼ ቡታጅራ ገባሁ። እናቴ በማለዳ ወደ ቆሼ ሄዳ ነበር። በርበሬ ነጋዴ ናት፤ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ደንበኞቿ የማረቆ በርበሬ ሳይጭኑ አይመለሱም።

ብቻዬን ነበርኩና እንደ ልቤ አጸዳሁ። አልጋውን አንስቼ ሥሩ ያለውን ሳወጣ ጉድ ነው፤ እግሩ የወለቀ የከሰል ምድጃ፣ ሁለት የተበሱ ድስቶች፣ የተሰበረ ፋኖስ፣ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ አንድ ጠፍጣፋ ነገር። ከረጢቱን ፈታሁት። ጥቁር ሆኖ የተጨፈለቀ በራድ ነው፤ ክዳን የለው፣ እጀታ የለው፣ ቀጭኑ አንገቱ ወደ ጎን ተጣሟል። ሁሉንም ደጅ ከመርኩት።

ወዲያው ከመንገድ «ልዋጭ! አሮጌ በአዲስ!» የሚል ድምፅ መጣ። ሸምሱ ነው፤ አሮጌ ልብስና ብረታ ብረት እየተቀበለ በምትኩ የላስቲክ ዕቃ የሚሰጥ የሰፈራችን ልዋጭ።

«ሰሚሬ! መቼ መጣሽ? ማሻ አላህ፣ ወልቂጤ ተስማምታሻለች፣ ወፍረሻል!»

«አልወፈርኩም። ይህ ሁሉ ስንት ሳፋ ያመጣል?»

ክምሩን በጫማው ጫፍ ነካካው። «ይሄማ ቆሻሻ ነው። አንድ ጆግ።»

«ሁለት ሳፋ። አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ።»

«ወላሂ ልትገድይኝ ነው!»

«ትልቁ ቀይ ይሁን።»

ሸምሱ እያለቃቀሰ ጫነ። እኔ ደብተሬን አውጥቼ የሰጠሁትን ጻፍኩ፦ ምድጃ አንድ፣ እግሩ የወለቀ። ድስት ሁለት፣ የተበሱ። ፋኖስ አንድ፣ መስታወት የሌለው። የበራድ ቅሪት አንድ፣ የተጨፈለቀ። ቀዩን ሳፋ አጥቤ እናቴ ስትገባ እንድታየው መሃል ቤት አስቀመጥኩት። እውነቱን ልናገር፣ በራሴ ኮርቼ ነበር።

እናቴ ከሰዓት በኋላ በርበሬዋን አሸክማ ገባች። ሳፋውን አየች፤ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ? እሰይ!» ብላ ገለበጠችው፣ በጣቷ አንኳኳችው። ከዚያ ቤቱን ዞር ዞር ብላ ስታይ ድንገት ቆም አለች። ተንበርክካ እጇን ወደ አልጋው ሥር ሰደደች።

«እዚህ የነበረው ዕቃስ?»

«የቱ?»

«በማዳበሪያ የተጠቀለለው።»

«እማ፣ እሱማ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ነው። ለሸምሱ ሰጠሁት።»

«እሺ» አለች።

እናቴ የምትናገር ሰው ናት። በበርበሬ ዋጋ ስትከራከር ድምጿ ከገበያው አልፎ ይሰማል። አሁን ግን «እሺ» ብላ፣ እጇን ከአልጋው ሥር ሳታወጣ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ቀረች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ምን ነበር እማ?»

«በራዱ ነዋ።»

የቱ በራድ አላልኳትም። በእኔ ትዝታ ያ በራድ ትልቅ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል፤ ክዳኑ በቀጭን ሰንሰለት ከእጀታው ታስሯል። አልጋ ሥር ያለውን ጥቁር ነገር ከሱ ጋር አንድ አድርጌ ለማየት አእምሮዬ እምቢ ብሎ ነበር መሰለኝ።

ስለዚያ መንገድ ጠይቄያት የማላውቀው ለምን እንደሆነ አሁን ልንገራችሁ። በረሃ ላይ እናቴ ውሃ የምትሰጠን በበራዱ ክዳን እየለካች ነበር። አንድ ክዳን ለነስሩ፣ አንድ ክዳን ለእኔ። የራሷ ተራ ሲደርስ ከንፈሯን ብቻ ታስነካለች። አንድ ቀን ቀትር ላይ ግራር ሥር አረፍን። ነስሩ ደረቷ ላይ ተኝቷል፤ እሷም ፊቷን ወደ ግንዱ አዙራ ተኝታለች። በራዱን አነሳሁና አፌን አንገቱ ላይ ደቅኜ ጠጣሁ። አንድ ጉንጭ ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ማቆም አቃተኝ። በማግስቱ ጠዋት ነስሩ አልነቃም። እኔም አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የወንድሜን ውሃ ጠጥቼ እንደተረፍኩ እያወቅኩ ኖርኩ። ከየብርጭቆው ሥር የማስቀራት ያቺ አንድ ጣት ውሃ የሱ ድርሻ ናት።

በማግስቱ፣ በሴቶች አረፋ ቀን፣ ገና ፀሐይ ሳይወጣ ሁለቱን ሳፋ ደራርቤ ይዤ ወደ ገበያ ሮጥኩ። ሸምሱን ከገበያው ጀርባ አገኘሁት፤ አሮጌ ብረት የተከመረበት አይሱዙ አጠገብ ቆሞ ሻይ ይጠጣል።

«ሳፋህን ውሰድ፤ ዕቃዬን መልስልኝ።»

«የምን ዕቃ?»

ደብተሬን ገልጬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። ሳቀ። «ሰሚሬ፣ ያ እኮ ተጭኗል። ይኸው አይሱዙ ላይ። አሁን ወደ አዲስ አበባ ሊወጣ ነው።»

ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቷል። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፤ ሳፋዎቹን መሬት ጣልኩና በጎማው ላይ ተንጠልጥዬ ጭነቱ ላይ ወጣሁ። የጫማዬ ማሰሪያ ብረት ይዞት ተበጠሰ። ከታች ጫኞቹ ሳቁን ለቀቁት።

«ቲቸር፣ ኧረ ውረጂ፣ ትወድቂብናለሽ!»

«ቲቸር አይደለሁም፤ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ አንዱ።

«የመጽሐፍ ዘበኛ ነው» አለው ጓደኛው።

ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ለአንድ ቆርቆሮ ብዬ ጭነት አላወርድም። እህቴ፣ የአረፋ መንገድ ሳይዘጋ ልሂድበት!»

«ታወርዳለህ» አልኩ። ድምፄን የሰማሁት እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነው። በሕይወቴ ከሰው ጋር ተጣልቼ አላውቅም፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ዝም በሉ የምለው እንኳ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ነው። «ካላወረድክ እኔም አብሬ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። እዚሁ ተቀምጫለሁ።» ከአንድ የፍሪጅ በር ላይ ቁጭ አልኩ።

ሸምሱ ሾፌሩን ለመነልኝ፣ «የመኪያ ልጅ ናት፤ ዛሬ የሴቶች አረፋ ነው፣ አታስለቅሳት» እያለ። የጭነቱ ግማሽ ወረደ። እኔ ደብተሩን ይዤ እየተቆጣጠርኩ፣ እነሱ እያጉረመረሙ። ምድጃው ተገኘ። ድስቶቹ ተገኙ። ፋኖሱም ተገኘ። በራዱ የለም። መሬት ላይ የተዘረጋውን ብረት ሁሉ በእጄ ገለባበጥኩት፤ የለም። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ሸምሱ ግንባሩን መታ። «ቆይ፣ ቆይ! ጋሽ ደምሴ! ትናንት ማምሻውን መጥቶ አንድ ጠፍጣፋ ነገር መርጦ ወስዷል። ዋጋም አልተከራከረኝም።»

ጋሽ ደምሴን ቡታጅራ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከአስመራ በጦርነቱ ሰሞን ተባርሮ የመጣ በያጅ ነው፤ በር እየሠራ፣ መዝሙር እያንጎራጎረ የሚውል። ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢው ከወደቀ ዕቃ ሰው ይሠራል ይባላል። ሰፈርተኛው ግቢውን «የተፈናቃይ ጣቢያ» እያለ ይቀልድበታል። እኔ ገብቼ አይቼው አላውቅም ነበር።

ሳፋዎቼን እንደገና ታቅፌ፣ አንድ እግሬን እየጎተትኩ ደረስኩ። የግቢው በር ክፍት ነው። ገባሁና ባለሁበት ቀረሁ።

ከኋላው ግድግዳ ጀምሮ እስከ በሩ ድረስ ሰዎች በሰልፍ ይሄዳሉ። ሠላሳ ገደማ ይሆናሉ። አንዱ ደረቱ የሬዲዮ ቀፎ ነው። አንዷ ሸክሟ የተጣጠፈ የአልጋ ሽቦ፣ ፊቷ ቀለሙ የተላጠ ሳህን። እግራቸው የመኪና ሞላ፣ የሞፈር ስባሪ፣ ነጠላ ጫማ። ዓይንም አፍም የላቸውም፤ ግን መድከማቸው ይታያል። ትከሻ እንዴት እንደሚወድቅ፣ ጉልበት ከብዙ መንገድ በኋላ እንዴት እንደሚታጠፍ ሠሪው ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ሆኜ ከፊቴ የሚሄደውን ሰው ጀርባ አይቼዋለሁና።

«ግቢ ልጄ፣ አይናከሱም» አለኝ ጋሽ ደምሴ ከጥጉ። ሽበታም፣ ረጅም፣ በእጁ የቃጫ ገመድ ይዟል።

«በራድ ወስደዋል?»

ሳይመልስልኝ ሰልፉ መሃል ያለች አንዲት ሴት አሳየኝ። ወገቧ የጋን አፍ ነው፤ ቀሚሷ ዝገት የበላው ቆርቆሮ። ወደ ፊት በጣም ዘንበል ብላለች። በግራ እጇ በራዱን ይዛለች።

«ከሰኔ ጀምሮ እጇ ባዶ ነበር» አለ። «በድንጋይ ደግፌ ነው ያቆምኳት። ትናንት ይሄን ስሰጣት በራሷ ቆመች፤ ክብደቱ ልኳ ነው። የአንቺ ነው?»

«የእናቴ ነው። በስህተት ነው የሰጠሁት።»

«እንግዲያው ፍቺው።»

ዝም ብሎ መስጠቱን አላመንኩም። ቀረብ ብዬ አየሁት። በራዱ በሽቦና በቃጫ ታስሯል። ሌላውም ሁሉ እንዲሁ። በያጅ ሆኖ ሳለ በዚያ ሰልፍ አንድም የተበየደ ነገር የለም።

«ለምን አይበይዱትም?»

«ብየዳ ለሰው በር ነው። አባቴ እዚህ ተራራው ላይ ቤት ሠሪ ነበር። የጉራጌን ቤት ጣሪያ ከውስጥ አይተሽዋል? ያ ሁሉ እንጨት የሚቆመው በማሰር ነው፤ አባቴ ምስማር አያውቅም። ማሰር እሱ ነው ያስተማረኝ።» የቃጫውን ጫፍ ምራቁን አስነክቶ ጠመዘዘው። «ደግሞ እነዚህ ዕቃዎች የሰው ናቸው። አንድ ቀን ባለቤቱ መጥቶ የእኔ ነው ቢለኝ፣ በመጋዝ ቆርጬ ልሰጠው ነው?»

«መጥቶ የጠየቀ አለ?»

«በስድስት ዓመት አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ» አለና ሳቀ። «ሰዎች ማሰሬ ሁሌም ሞኝነት ይመስላቸዋል። እኔ አስመራን ስለቅ መሣሪያዬን ሁሉ ትቼ የቤቴን ቁልፍ ብቻ ነው የያዝኩት። ያውና፣ መጀመሪያው ሰውዬ አንገት ላይ። እዚያ የቀረውን በር የከፈተ ሰው ዕቃዬን ምን እንዳደረገው አስባለሁ። በይዶት እንዳይሆን እጸልያለሁ። ፍቺው፤ ስትፈቺ ብቻ ትከሻዋን ያዢልኝ፣ ትወድቃለች።»

በአንድ እጄ ትከሻዋን ደገፍኩ። በሌላው ቋጠሮውን ነካሁ። ጫፉን ሳቢው እንጂ አትታገይው አለኝ። ልስበው ስል ከበሩ «አሰላሙ ዓለይኩም» የሚል ድምፅ መጣ።

እናቴ ናት። ሸምሱ ነገሩ ከብዶት በባጃጅ አምጥቷት፣ እሱ ከበሩ ውጭ ቆሟል።

«ወዓለይኩም ሰላም፣ ይግቡ ወይዘሮ» አለ ጋሽ ደምሴ።

አልሰማችውም። ሰልፉን ከፊተኛው ጀምራ እያንዳንዱን እያየች መጣች። የአንዱን ሸክም በጣቷ ነካች። ሌላውን አልፋ ተመልሳ አየችው። ከሴትየዋ ፊት ስትደርስ ቆመች። ብዙ ቆመች። እኔ አሁንም የሴትየዋን ትከሻ ይዣለሁ።

«እንዲህ አልያዝኩትም» አለች።

«ምን አሉ?» አለ ጋሽ ደምሴ።

«በግራ አልነበረም። በግራ እጄ ልጁን ይዣለሁ። በራዱን በቀኝ ነው የያዝኩት፣ ከፍ አድርጌ፤ ውሃው እንዳይፈስ።»

«እማ» አልኩ። «ውሃ ነበረው?»

«ነስሩን የቀበርን ጊዜ ግማሽ በራድ ውሃ ነበረን።»

እጄ ከትከሻው ላይ ተንሸራተተ። ጋሽ ደምሴ ሴትየዋን ባይዛት ትወድቅ ነበር።

«እማ፣ እኔ እኮ ጠጥቼበት ነበር። ግራሩ ሥር። አንቺ ተኝተሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ተኝተሽ ነበር።»

«አልተኛሁም። ፊቴን አዞርኩልሽ እንጂ።» ወደ እኔ አልዞረችም፤ በራዱን እያየች ነው የምትናገረው። «ጠዋት የሰጠሁሽን ክዳን አልጠጣም ብለሽ ለነስሩ መልሰሽው ነበር። ብለምንሽ እምቢ አልሽ። ይቺም እንዳትሄድብኝ ብዬ፣ የተኛሁ መስዬ በራዱን አጠገብሽ አኖርኩት። ስትጠጪ የጉሮሮሽን ድምፅ እሰማ ነበር። አልሐምዱሊላህ እል ነበር በልቤ።»

ለነስሩ መመለሴን አላስታውስም። እስከ ዛሬም አላስታውሰውም። አሥራ ሰባት ዓመት የተሸከምኩት ትዝታ ግማሽ ገጹ የተቀደደ መጽሐፍ ነበር።

«እሱስ?»

«እሱ ከመኪናው ሳንወርድ ነው ትኩሳት የያዘው። በመጨረሻ መዋጥ አቆመ። ባፉ ሳደርግለት በጉንጩ ይወርዳል። ነስሩ ውሃ አላጣም ልጄ። ቡታጅራ ገብተን ያን ውሃ የያዘ በራድ ሳየው አበሳጨኝ፤ በድንጋይ ጨፈለቅሁት። ልጥለው ስል ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

አሁን ዞረች። በእውነት ግራ ገብቷት ነበር። «ምኑን? ትንሽ ነበርሽ። ረስታዋለች ብዬ ደስ ይለኝ ነበር እኮ።» ከዚያ አንድ ነገር ሲገባት ዓይኗ ሲጠብ አየሁት። «ሰሚራ። ውሃ የምታስቀሪው ለዚህ ነው?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«ያ ረቢ! እኔ የማታ ትምህርት ያመጣብሽ ሥልጣኔ ነው ብዬ!»

ከበሩ ውጭ ሸምሱ ሲስቅና ሲያለቅስ ሰማነው። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን መንገድ ላይ ተለውጦ ሌላ ነገር ሆነ። ተቀምጬ፣ ቀዩን ሳፋ ታቅፌ፣ ለወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጥፋተኝነት አለቀስኩ። ሰው ለሞተበት ሰው እንዲህ እንደሚያለቅስ አላውቅም ነበር፤ ልቅሶዬ ላይ ሁሌ ክስ ተቀምጦበት ነበርና።

ጋሽ ደምሴ በብርጭቆ ውሃ አመጣልኝ። ጠጣሁ። አንድ ጣት ሲቀር እጄ በራሱ ቆመ። እናቴ በላዬ ላይ ቆማለች፣ በርበሬ ስትመርጥ እንደምትቆመው።

«ጨርሺ» አለች።

ጨረስኩት።

ጋሽ ደምሴ «በራዱን ይውሰዱት» ሲላት እናቴ አሰበች። «ወስጄ የት ላደርገው? እንደገና አልጋ ሥር? እዚህ ቢያንስ ቆሟል። ግን አስተካክለው።»

እናም አስተካከለው። እሷ «ከፍ፣ ትንሽ ከፍ፣ እንዲህ» እያለች፣ እሱ «እሺ ወይዘሮ» እያለ፣ እኔ ትከሻ እየያዝኩ። በራዱ ወደ ቀኝ እጅ ዞረ። የግራውን ክንድ ደረቷ ላይ አጎበጠው፤ እቅፉ ውስጥ ምንም አላደረገበትም። እናቴም አድርግበት አላለችም።

ይልቅ «ቀሚሷን የያዘች ልጅም ነበረች» አለችው። «እሷ የት አለች?»

«ለእሷ የራሷ የሆነ ነገር ያስፈልጋል» አለ። ቀዩን ሳፋ ሰጠሁት። «አዲስ አልቀበልም፤ ያገለገለ።» ሁላችንም እግሬን አየን። አይሱዙ ላይ ማሰሪያው የተበጠሰውን ጫማ አውልቄ ሰጠሁት። የእሱን ሸበጥ ተጫምቼ፣ እንደ ጀልባ እየሰፋኝ፣ ከእናቴ ጋር ወደ ቤት ተመለስኩ። ሳፋዎቹን ሸምሱ አልወስድም አለ። «የአረፋ ነው» ብሎ በባጃጁ ሸሸ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አረፋ አልፏል። ይህን የምታነቡ ሁሉ የተሰደደ ዘመድ አይኖራችሁ ይሆናል። ነገር ግን አልጋ ሥር ተጠቅልሎ የተቀመጠ፣ ስሙ የማይነሳ ዕቃ የሌለበት ቤት ጥቂት ይመስለኛል። እኔ የእኔን በስህተት ነው ያወጣሁት። ደጅ አውጥቼ ስሰጠው ቆሻሻ ነበር፤ ሌላ ሰው እጅ ገብቶ ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው እናቴ አይታ «እንዲህ አልያዝኩትም» ያለችው። ጋሽ ደምሴ ያን ቀን በይዶት ቢሆን ኖሮ፣ እናቴ ማስተካከል የምትችለው ነገር ባልኖረ፣ ታሪኳንም ባልነገረችኝ። ስለዚህ ነገር አመስግኜ አልጠገብኩም፤ ለእሱም፣ ፊቷን ላዞረችልኝ እናቴም፣ ከመኪና ጭነት ላይ ላላወረዱኝ ጫኞችም።

ወሬው በከተማው ከተሰማ በኋላ ሌሎችም መጡ። አንዳንዱ ዕቃውን ፈትቶ ወሰደ፤ አንዳንዱ አይቶ፣ አልቅሶ፣ እንዲሁ ትቶት ሄደ። ጋሽ ደምሴ ዕቃው የተወሰደበትን ትከሻ እየደገፈ ሌላ ዕቃ ይጠብቃል።

ቃጫ ግን ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቅበታል፤ በዓመቱ ይላላል። ስለዚህ በየሴቶች አረፋ ቀን እኔና እናቴ ሄደን የበራዱን ማሰሪያ እናድሳለን። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እሷ ታስራለች፣ እኔ ትከሻ እይዛለሁ። አሁን ጣቶቿ ስለማይታዘዟት እኔ አስራለሁ፣ እሷ ትይዛለች፤ ጋሽ ደምሴ ወንበሩ ላይ ሆኖ «ጫፉን አትደብቂው፣ የሚፈታ ይሁን» ይለኛል። ቀሚሷን የያዘችውን ልጅ ቋጠሮም እኔው አያለሁ። አንድ እግሯ የእኔ ጫማ ነው።

ስንጨርስ ውሃ ይመጣል። እናቴ ቆማ ታየኛለች፤ እጠጣለሁ። ከዚያ ብርጭቆውን ከእጄ ተቀብላ፣ ደካማ ዓይኗን አጥብባ፣ ወደ ብርሃኑ ከፍ ታደርገዋለች። ከሥሩ ምንም የለም።

«አልሐምዱሊላህ» ትላለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ።